ለጅማ ክሊኒክ የትኛው የልብ አልትራሳውንድ ይሻላል? ኪስ የሚገባው፣ ላፕቶፕ መሰሉ ወይስ ባለ ጎማው

ጅማ ውስጥ ክሊኒክ ያላቸው ሁለት ወዳጆቼ በአንድ ወር ውስጥ ይህንኑ ጥያቄ ይዘውልኝ መጡ። ሁለቱም አስቀድመው ያነሡት ዋጋውን ነበር። እኔ ደግሞ ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፦ መሣሪያው ቀጣይ ሞገድ ዶፕለር፣ ማለትም ድምፅ ሳያቋርጥ እየላከ የደምን ፍጥነት የሚለካው፣ ሻጮች ‹ሲ ደብሊው› የሚሉት፣ አለው ወይ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የአኦርታ ቫልቭ የግራው የልብ ክፍል ደሙን ወደ ሰውነት የሚረጭበት በር ነው። በሩ ሲጠብ ደሙ በጠባቧ ቀዳዳ ይስፈነጠራል፤ የጥበቱን ልክ የምናውቀውም ከፍጥነቱ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 4 ሜትር ሲደርስ፣ አማካይ የግፊት ልዩነቱ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ የበሩም ስፋት 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ጥበቱ ከባድ ይባላል። ድምፁን እየቆራረጠ የሚልከው ተራ ዶፕለር ይህን ፍጥነት አይችልም፤ በሰከንድ ወደ 2 ሜትር ሲጠጋ ምልክቱ እየተገለበጠ ያሳስታል። በሃያ ኪሎ ሚዛን የቡና ጆንያ ለመመዘን እንደ መሞከር ነው።

ኪስ የሚገባው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች ቀጣይ ሞገድ ይዘው መጥተዋል፤ አብዛኞቹ ግን የላቸውም። ቢሆንም ልንቀው አይገባም። ልብ እንዴት እንደምትጨመቅ፣ የቫልቩ ቅጠሎች መወፈራቸውን፣ ደም ወደ ኋላ መመለሱን በቀለም፣ በልብ ዙሪያ ውኃ መቋጠሩን ያሳያል። ቫልቮችን በሚያበላሸው ሩማቲክ የልብ ሕመም በተጠቃው አገራችን ትምህርት ቤት ወርዶ ልጆችን ለማጣራት ከእሱ የሚመች የለም። የዓለም የልብ ፌዴሬሽን በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያም ለማጣራት ቀለል ያለ መሣሪያ ይበቃል፣ ለማረጋገጥ ግን የተሟላ ዶፕለር ያስፈልጋል ይላል። ችግሩ ማጣሪያውን እንደ መጨረሻ ውጤት መጻፍ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ በዚህ መሣሪያ አይቶ ‹ቫልቩ ትንሽ ወፍሯል› ብሎ ያሰናበታቸው አዛውንት በሌላ መሣሪያ ሲለኩ ፍጥነቱ 4.6 ሆኖ ተገኘ። ኪስ የሚገባውን የሚገዛ ሰው ‹ጥበቱ አልተለካም› የሚለውን ዐረፍተ ነገር አብሮ ይግዛ።

ላፕቶፕ መሰሉ ለአብዛኛው የጅማ ክሊኒክ የምመርጠው ነው። መብራት ሲሄድ ባትሪው የተጀመረውን ምርመራ ያስጨርሳል። ወጥመዱ ግን ብዙ ነው። ለሆድ የሚያገለግለው ክብ ፕሮብ (ገላ ላይ የሚያርፈው የመሣሪያው እጅ) በጎድን አጥንቶች መካከል አይገባም፤ ጠባብ ፊት ያለው የልብ ፕሮብ ለብቻው ይገዛል። የልብ ሶፍትዌሩም ብዙ ጊዜ ተቆልፎ ነው የሚመጣው፤ ቁልፉ ሌላ ክፍያ ነው። ‹ይችላል› የሚለውን ቃል አትመኑ፤ ‹ተከፍቷል› መባሉን በጽሑፍ ያዙ። ምስል የማያሳየውን፣ በደረት ቀኝ በኩል ከፍተኛውን ፍጥነት ለመያዝ የሚጠቅመውን የእርሳስ መሰል ፕሮብ ይቀበል እንደሆነም ጠይቁ።

ባለ ጎማው የልብን አቅም በመመዘን ይበልጣል። ልብ ከያዘችው ደም በአንድ ምት የምትረጨው ድርሻ፣ ኢጀክሽን ፍራክሽን የሚሉት፣ ጥበቱ ከባድ ሆኖ ሳለ ከ50 በመቶ በታች ከወረደ ሕመምተኛው ምንም ባይሰማውም ስለ ቫልቭ ቅየራ ይታሰባል። ነገር ግን ይህ ቁጥር ዘግይቶ ነው የሚወርድ፤ የጡንቻውን መኮማተር የሚለካው ስትሬይን ቀድሞ ድካሙን ያሳያል። ደግሞም የደከመች ልብ ደሙን በኃይል ስለማትገፋው ፍጥነቱ ከ4 በታች ይሆንና ከባዱ ጥበት ቀላል ይመስላል። ያን ጊዜ ዶቡታሚን የተባለውን ልብን የሚያበረታ መድኃኒት እየሰጡ መመርመር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህ የትልቅ ሆስፒታል ሥራ እንጂ የሰፈር ክሊኒክ አይደለም። ቋሚ የልብ ሐኪም፣ ዩፒኤስና ስታቢላይዘር ከሌላችሁ ባለ ጎማው ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ሲበላሽ ደግሞ ጠጋኙ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ ከአዲስ አበባ ይመጣል።

የትኛውም ቢሆን እጁ ያልሠለጠነ ሰው ያበላሸዋል። ፕሮቡ ከደሙ አቅጣጫ 30 ዲግሪ ቢዛነፍ እውነተኛው 4.5 ወደ 3.9 ወርዶ ይነበባል፤ ከባዱ ሕመም መካከለኛ ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ስለዚህ ከበጀቱ ላይ ለሥልጠና የሚሆነውን አስቀድማችሁ ቀንሱ።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ መሣሪያውን ጅማ ድረስ ያምጣው። በሆስፒታል ተለክቶ ቁጥሩ የታወቀ፣ ፈቃደኛ የሆነ ሕመምተኛ ይኑር፤ ውጤቱን ለሻጩ ሳትነግሩ ለካችሁ አነጻጽሩ። ቁጥሩ ካልተቀራረበ ሻጩን ቡና አጠጥቶ መሸኘት ነው።