ሪሞት መኪና ላይ ጄት ሞተር ወይስ ብራሽለስ? ዶላር ከማውጣታችሁ በፊት

"መኪናዬ ላይ ተርባይን ልግጠም እያሰብኩ ነው፣ ስንት ይሮጥልኛል?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፣ የፈለግከው ሩጫ ከሆነ ተርባይኑን (ጄት ሞተሩን ማለት ነው) ተወውና ብራሽለስ፣ ማለትም በባትሪ የሚሠራውን የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ግዛ።

በቁጥር እንየው። የጀርመኑ ጄትካት ኩባንያ ፒ20 ከትንንሾቹ ተርባይኖች ነው፣ ሞተሩ ብቻውን 350 ግራም ገደማ፣ በደቂቃ 245,000 ጊዜ እየዞረ በ24 ኒውተን ይገፋል። መኪናው ከነታንኩ ከነፓምፑ ሞተሩን ከሚቆጣጠረው ኮምፒውተር (ከነኢሲዩው) ጋር 6 ኪሎ ቢመዝን፣ ነፋሱንና የጎማውን ፍትጊያ ሳንቆጥር እንኳ ከቆመበት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመግባት 7 ሰከንድ ይፈልጋል። ለሪሞት መኪና ይሄ ኤሊ ነው በቃ። ተርባይን ጎማ አያዞርማ፣ ትኩስ አየር ወደ ኋላ እየተፋ ነው የሚገፋው፣ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ ጉልበቱ እዚህ ግባ አይባልም፣ በሰከንድ 10 ሜትር ላይ 240 ዋት ብቻ፣ 6ኤስ ሊፖ (ባለ 6 ሴል ሊቲየም ባትሪ) ላይ የታሰረ ብራሽለስ ደሞ 100 አምፒር ቢስብ ከ2,000 ዋት በላይ ነው። ትራክሳስ ኤክስኦ-1 የሚባለው የብራሽለስ ሪሞት መኪና ለ160 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተብሎ የተሠራ ነው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ኒክ ኬዝ የሚባል ሰው በሪሞት መኪናው 325 ገብቶ ጊነስ ላይ የተመዘገበውም በባትሪ ነው።

ፍሬኑ ሌላ ጣጣ። ብራሽለሱ ራሱ ይይዛል፣ ተርባይን ግን ጋዝ ብትለቁለትም በሚኒሞ መግፋቱን አይተውም፣ ስትሰጡትም ቶሎ አይነሳም፣ ስለዚህ የዲስክ ፍሬን የግድ ነው፣ ሰፊ ባዶ አስፋልትም እንደዛው። ጭሱ ከ500 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ እኔ የመጀመሪያውን ቦዲ ጅራቱን ሳልቆርጥ አስነስቼው እንደ ሻማ ቀለጠብኝ።

ታዲያ ማን ይገዛዋል? እኔ ገዛሁት 😄 ስታርተሩ ሲያጉረመርም፣ ከዛ እሳቱ ሲይዝና ያ ፉጨት እየቀጠነ ሲወጣ፣ ሽታው ቦሌ ከአውሮፕላን ደረጃ ስትወርዱ የሚቀበላችሁ ሽታ ነው፣ ብራሽለስ ይሄን አይሰጣችሁም። ኢዲኤፍ የሚባለው የኤሌክትሪክ ፋን አለ፣ ርካሽ ነው፣ ግን ጄት ነኝ የሚል የፀጉር ማድረቂያ ነው፣ እለፉት። ጎማ በጊርቦክስ የሚያዞር ባለ ዘንግ ተርባይንም አለ፣ የኪሳችሁን ታውቃላችሁ።

ዋጋው፣ ብራሽለስ ከነኢኤስሲው (ፍጥነቱን ከሚቆጣጠረው ዕቃ ጋር) በጥቂት መቶ ዶላር ያልቃል፣ አዲስ ተርባይን ሺዎችን ይጠይቃል። ያገለገለ ካገኛችሁ ሻጩ ኢሲዩው የመዘገበውን የሥራ ሰዓት ያሳያችሁ፣ ብዙዎቹ በ25 ሰዓት ሰርቪስ ይፈልጋሉ፣ በ20 ሰዓቱ "ምንም አልሠራም" ብሎ የሚሸጥ አይጠፋም። ቀዝቅዞ እያለ በእጅ አዙራችሁ ስሙት፣ ከሻከረ ቤሪንጉ ሄዷል። ነዳጁ ችግር የለውም፣ ላምባ ላይ 5 በመቶ የተርባይን ዘይት ነው።

አገር ቤት ይዤ እገባለሁ ለምትሉ፣ 6ኤስ 5,000 ሚሊአምፒር ባትሪ 111 ዋት አወር ነው፣ ከ100 ስላለፈ አየር መንገዱን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ በእጅ ሻንጣ እንጂ የሚጫነው ውስጥ እንዳትከቱት። ተርባይኑም ነዳጅ እየሸተተ አያልፍም። ደሞ አዲስ አበባ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ 24 ኒውተኑ ወደ 19 ገደማ ይወርድባችኋል፣ ብራሽለሱ እንደሆነ አየር አይተነፍስ።