ብርድ ላይ አልነሳ ላለ አይሱዙ፦ ባትሪ ልግዛ ወይስ ካንዴላ?

ኅዳር ከገባ ጀምሮ ስልኬ በጠዋት ይጮኻል። ደባርቅ ወይ ዳባት ያደረ ሹፌር ነው። "መኪናው እምቢ አለኝ፤ ባትሪ ልለውጥ እንዴ?" ይለኛል። ለሁሉም መልሴ አንድ ነው፦ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ካንዴላውን አስፈትሹ። የናፍታ ሞተሩን የሚያሞቀውን ማለቴ ነው፤ ከቤንዚኑ ካንዴላ ጋር እንዳታምታቱት።

በዚህ ነገር እኔም ብዙ ከስሬያለሁ። የኔ ኤን ፒ አር አይሱዙ 24 ቮልት ስለሆነ ሁለት ባትሪ ይፈልጋል። አንዱን በ14,000፣ ሁለቱን በ28,000 ብር ገዛሁ። ሞቶሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው፣ በደንብ ይዞር ጀመር። ሞተሩ ግን ነጭ ጭስ እየተፋ አልነሳም አለ። ነጭ ጭስ ማለት ናፍታው ገብቶ ሳይነድ እየወጣ ነው። ካንዴላዎቹን ስፈታ ከአራቱ ሦስቱ ተቃጥለዋል።

በጆሮ መለየት ይቻላል። ሞቶሪኖው እያቃሰተ ቀስ ብሎ ከዞረ ባትሪውን ጠርጥሩ። መጀመሪያ ግን ተርሚናሉን ጠርጋችሁ አጥብቁ። ሙሉ ቻርጅ ያለው አንዱ ባትሪ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። እያስነሳችሁ ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል። ሞቶሪኖው ፈጥኖ እየዞረ ሞተሩ ካልነሳ ግን መጀመሪያ ካንዴላውን ጠርጥሩ። የእጅ ፓምፑን ስትገፉት ከተነሳስ? የናፍታው መስመር አየር እያስገባ ነው፤ ሁለቱንም አትግዙ፣ ቱቦና ማሰሪያውን እዩ።

መተማ ላይ ደህና የሚነሳ መኪና ብዙ ሰው ያታልላል። ቆላ ላይ የተቃጠለ ካንዴላ አይታወቅም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፣ ደባርቅ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ አምቆ የሚያገኘው ሙቀት ይቀንሳል። ውርጩ ሲጨመርበት ያለ ካንዴላ መነሳት ከባድ ነው።

አሁን ዋናው፣ ኮፒ ወይስ ኦሪጅናል? እኔ ኮፒውን አንዱን በ600፣ አራቱን በ2,400 ብር ገዛሁ። ኦሪጅናሉ አንዱ 2,200፣ አራቱ 8,800 ነበር። 6,400 ብር አተረፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ወር የአንዱ ጫፍ አብጦ ተጣበቀ። ሲፈታ ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። ቴስታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ወረደ፤ የእጅ ዋጋና ጋስኬት 15,000 ብር ወጣብኝ። ከዚያም ኦሪጅናሉን መግዛቴ አልቀረም። ዋጋው ዛሬ ተቀይሮ ይሆናል፤ ልዩነቱን ግን በዚህ ገምቱት።

ስትገዙ ካንዴላው ላይ የተቀረጸውን ቮልት አንብቡ። 11 ቮልት የሚለው የ12 ቮልት መኪና ነው። ባለ 24 ቮልቱ አይሱዙ ላይ ካሰራችሁት ወዲያው ይቃጠላል። ጽሑፉ በጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ ከሆነ መልሱት። ብር ካጠረ ደግሞ አራት ኮፒ ከምትገዙ የተቃጠሉትን ብቻ በኦሪጅናል ተኩ። ከዚያም በፊት ካንዴላው ጋ ኤሌክትሪክ መድረሱን አረጋግጡ። ካልደረሰ ሪሌው (የኤሌክትሪክ ማብሪያው) ወይም ፊውዙ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ርካሽ ነው።

አንዳንዱ ሞተሩ እንዲነሳ በአየር መሳቢያው የማስነሻ ስፕሬይ ይነፋል። ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ አታድርጉት፤ ያለ ሰዓቱ ፈንድቶ ፒስተኑንና ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ሊሰብር ይችላል።

ባትሪው በርግጥ ካለቀ ሁለቱንም አብራችሁ ለውጡ፤ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል። ካንዴላ ስትፈቱ ደግሞ ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ይሁን። ማታ ዝገት የሚለቅ ዘይት አፍስሱበት። የመፍቻ ቁልፉ እምቢ ካለ ግን በጉልበት አትግፉት፣ የኔ የተሰበረው እንደዚያ ነው።