የከተማ ሴፍቲኔት፦ ብሩ ትንሽ፣ ቁጠባው አንጀት የሚያርስ

ስልክ ይገመገማል፣ ምግብ ቤት ይገመገማል፣ የታክሲ አፕ ይገመገማል። መንግሥት ለችግረኛ የሚሰጠውን ድጋፍ ግን ከውስጥ ሆኖ የሚገመግም ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። በቴሌቪዥን ከሰማችሁት ሁሉም ነገር «ውጤታማ» ነው። ሰፈር ውስጥ ከሰማችሁት ደግሞ «ለዘመድ አዝማድ የተሰጠ» ነው። እኔ በሁለቱም አልስማማም።

አዲስ አበባ፣ ቀበሌ ቤት ውስጥ፣ ከአክስቴና ከትንሹ ልጇ ጋር ነው የምኖረው። አክስቴ ለችግረኛ ቤተሰብ ሥራና ድጋፍ የሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም፣ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ውስጥ ገብታ የፕሮግራሙን ሦስት ዓመት ጨርሳ ወጥታለች። ያኔ የአካውንቲንግ ተማሪ ነበርኩ። አክስቴ ማንበብ ስለማትችል የባንክ ደብተሯን የምይዝላት፣ የገባውንና የወጣውን የምጽፍላት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ስለ ብሩ ስናገር ከወሬ ተነስቼ አይደለም።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ልንገር። ሴፍቲኔት መጀመሪያ የገጠር ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ተጀመረ። ገበሬው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ለዚያ እህል ወይም ብር ይከፈለዋል። ከተማ የገባው በ2009 ነው። በ11 ከተሞች ጀመረ፤ አዲስ አበባን ጨምሮ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ደሴ፣ ድሬዳዋ፣ ጅግጅጋ እያለ። 604 ሺህ ሰው ለመድረስ ነበር የታቀደው፤ ትልቁ ድርሻ የአዲስ አበባ ሆነ። በጀቱ 450 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 300ው ከዓለም ባንክ፣ 150ው ከመንግሥት ነው። ጉልበት ያለው ሰው የአካባቢ ልማት ሥራ ይሠራል። አዛውንት፣ አካል ጉዳተኛና የጠና ሕመምተኛ ሥራ ሳይጠየቅ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ከመቶ ተጠቃሚ 84ቱ ሠራተኛ፣ 16ቱ ቀጥታ ድጋፍ እንዲሆኑ ነው የተሰላው።

ልየታው ላይ፣ ማለትም ተጠቃሚው በሚመረጥበት መንገድ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚጣላው እዚህ ላይ ነውና። ስም የሚያቀርበው ከነዋሪው የተመረጠ የቀጣና ኮሚቴ ነው። ማን ቤት ጭስ እንደማይታይ፣ የማን ልጅ ያለ ምሳ ትምህርት ቤት እንደሚሄድ የሚያውቅ ጎረቤት ማለት ነው። እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ቢሮ የተቀመጠ ሰው ከሚመርጥ ጎረቤት ቢመርጥ ይሻላል። ቀጥሎ መጠይቅ ይመጣል። ቤታችሁ ስንት ክፍል ነው፣ ወለሉ ምንድን ነው፣ ምን ምን ዕቃ አለ ይባላል።

ከኛ ፊት ለፊት የሚኖሩ እትዬ ፍሪጅ አላቸው። ሞተሩ ከተቃጠለ ዘመን የለውም። ሽሮና በርበሬ ያስቀምጡበታል፤ ከላዩ ላይ ደግሞ የጸሎት መጽሐፋቸውና መነጽራቸው አለ። «ፍሪጅ አለዎት?» ሲባሉ «አለኝ» አሉ። ይሠራል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም፣ እሳቸውም አላብራሩም። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስማቸው የለም። በፍሪጁ ይሁን በሌላ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ቅሬታ ሰሚ አለ፤ ደንቡም ይፈቅዳል። አመልክቱ ስንላቸው «ደግሞ ከጎረቤት ጋር ልካሰስ?» አሉን። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት የዕድራቸው ሰዎች ናቸው። ነገ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ አብረው ይቀመጣሉ። ጎረቤት መራጭ ሲሆን ችግሩ ይሄ ነው። ያውቃችኋል፤ ግን አቤቱታ ልታቀርቡበት ታፍራላችሁ። መታወቂያ ያላወጣ ተከራይማ ከነጭራሹ የሚቆጥረው የለም።

ወደ ሥራው ልመለስ። ሲጀመር ክፍያው በቀን 60 ብር ነበር፤ ሥራው ደግሞ አምስት ሰዓት ነው። አክስቴ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ገብታ 6 ሰዓት ላይ ቤቷ ናት። ይሄ አምስት ሰዓት የተባለው ነገር ትልቅ ቁም ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ የልብስ ማጠብ ሥራዋን አልተወችም፤ ልጇንም ከትምህርት ቤት ትቀበላለች። ከአንድ ቤት እስከ አራት ሰው መሥራት ይችላል። ከኛ ቤት ግን እሷ ብቻ ነበረች።

የተመደበችው ጠረጋ ላይ ነው። መጥረጊያው ቶሎ ያልቅባታል። ጫፉ ሲበተን በሽቦ ጠፍራ ታስረዋለች፤ ከዚያ የአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ትጠመጥምበታለች፣ ሽቦው እጇን እንዳይቧጭራት። አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ትሸፍናለች። የቡድን መሪዋ ካርቶን ላይ በለጠፈችው ወረቀት ራይት ታደርጋለች። ራይት የሌለበት ቀን አይከፈልም። ቀብር እንኳን ቢሆን! ደግነቱ ሴቶቹ ተነጋግረው ይተካካሉ፤ የቡድን መሪዋም አይታ እንዳላየ ታልፋለች። በኋላ ጠረጋው ላይ የቱቦ ጽዳትና ችግኝ መንከባከብ ተጨመረ። በራችን ላይ ያለው ቦይ ሐምሌ በገባ ቁጥር ሞልቶ ቤታችን ይገባ ነበር። እነሱ ቆሻሻውን ካወጡለት ወዲህ ክረምትን ምንጣፍ ሳንጠቀልል ማሳለፍ ጀመርን። ሴፍቲኔት ምን ሠራ ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው መጀመሪያ የማሳየው ይሄንን ቦይ ነው።

ብሩስ? ብሩ ትንሽ ነው። ከ60ው ከመቶ ሃያው ለቁጠባ ይቀመጣል፤ እጅ ላይ የሚገባው 48 ነው። የሥራ ቀኑም በመጀመሪያው ዓመት ይበዛል እንጂ በሁለተኛውና በሦስተኛው እየቀነሰ ይሄዳል። ሐሳቡ ሰው ቀስ በቀስ ራሱን ይቻል ነው። ግን የሥራ ቀን ሲቀንስ ዘይትና ሽንኩርት አብረው አይቀንሱም። በደብተሬ ላይ ሁለተኛው ዓመት ከመጀመሪያው የከበደ ነው፤ የሱቅ ዱቤ የበዛው ያኔ ነው። የኛ ወረዳ ክፍያ አልፎ አልፎ ይዘገያል። ሲዘገይ ደግሞ ለምን እንደዘገየ የሚናገር ሰው አይገኝም። ይሄ ያናድደኛል። አምስት ቀን ይዘገያል ብትሉን እኮ ባለሱቁን እናስታግሳለን።

ቁጠባው ግን ሌላ ነገር ነው። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ዕቁብ ጥላለች፣ ባንክ ግን ደርሳ አታውቅም ነበር። ሂሳብ የከፈተችው በሴፍቲኔቱ ነው፤ ደመወዙ የሚገባው በባንክ ስለሆነ። የሚቆረጠውን ሃያ በመቶ መጀመሪያ እንደ ቅጣት ነው ያየችው። «የራሴን ብር ለምን ይይዙብኛል?» ትል ነበር። በሁለተኛው ዓመት አካባቢ ደብተሩን አውጥታ «እስቲ አንብቢልኝ» ማለት አመጣች። ታውቀዋለች እኮ፤ በቃሏ ይዛዋለች። መስማት ነው የፈለገችው። በኔ ግምት ከፕሮግራሙ ሁሉ በደንብ የታሰበው ይሄ ነው። ድሃ ሰው እጁ ላይ ያለ ብር የሱ ብቻ አይደለም፤ የታመመ ዘመድ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ተስካር አለ። «ባንክ ነው ያለው፣ አይወጣም» ብሎ ሳያፍሩ እምቢ ማለት መቻል ራሱ ድጋፍ ነው።

አንድ ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ የትኛው ወረዳ ቀድሞ እንደሚገባ የተወሰነው በዕጣ ነበር። ይሄ ለአጥኚዎች ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው፤ የገባውንና ያልገባውን ሰፈር ለማወዳደር ተመቻቸው። ከስሌታቸው ያገኙት ምንድን ነው? ፕሮግራሙ ከተማውን ሁሉ ሲያዳርስ በግሉ ዘርፍ ያለው ደመወዝ በ18.6 በመቶ ከፍ ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ድሃው ጠዋት ጠዋት ሴፍቲኔት ሲገባ፣ በርካሽ የሚሠራ ሰው ያንሳል። ሠራተኛ የሚፈልግ ጨምሮ ይከፍላል።

በኛ ግቢ ይሄ በደንብ ታይቷል። አክስቴ ጠዋት ሥራ ስለያዘች አንዳንድ ደንበኞቿን ተወች። ደንበኞቹ ልብስ የሚያጥብላቸው ሲያጡ ወደ ባለፍሪጇ እትዬ መጡ። እትዬ እንደ ድሮው ዋጋ «እሺ» አላሉም፤ ጨምሩ አሉ፣ ተጨመረላቸው። በፊት በር ያልተፈቀደላቸው ሴፍቲኔት በጓሮ በር ደረሳቸው ማለት ነው። ቅር አሁንም ይላቸዋል፤ እውነታቸውን ነው።

በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ምርቃት አለ። ሥልጠና ይሰጣል፣ የቢዝነስ ዕቅድ ይጻፋል፣ ከዚያ ለቤተሰቡ ለመነሻ ብር ይሰጣል፤ ያኔ 500 ዶላር የሚመጣጠን ነበር። የራስ ቁጠባ ሲታከልበት ለጀማሪ መጥፎ አይደለም። የዕቅዱን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ። «ተፎካካሪዎችዎ እነማን ናቸው?» የሚል ጥያቄ አለው። አክስቴ አሰበችና «የጥግ ቤቷ አልማዝ፣ ግን አንጣላም ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። ጻፍኩት።

የመረጠችው እንጀራ መጋገር ነው። ትልቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛች፣ ጤፍ ገዛች፣ ሁለት ሱቆች ለመረከብ ተስማሙ። ችግሩ የመጣው ምጣዱ በተሰካ ዕለት ነው። ግቢያችን ውስጥ አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ነው የሚጠቀመው። ምጣዱ ሲግል ቆጣሪው ይዘላል። ግቢው ይጨልማል፣ ቴሌቪዥን የሚያይ ይጮሃል፣ ልጆች ያጨበጭባሉ። ተመካክረን አክስቴ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስታ እንድትጋግር ተወሰነ፤ ሰው ሁሉ ሲተኛ። የራሷን ቆጣሪ ለማስገባት የቀበሌ ቤት ውል፣ ማመልከቻ፣ ክፍያና ትዕግሥት ያስፈልጋል። እስኪገባላት ድረስ ብዙ ወር በሌሊት ጋግራለች። ሥልጠናው ላይ ስለ ትርፍና ኪሳራ ተምራለች፣ ስለ ደንበኛ አያያዝ ተምራለች። «ቆጣሪ አለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ሌላም አለ። በአንድ ዙር የተመረቀው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚመርጠው። እንጀራ፣ ዶሮ፣ ጉልት፣ ጀበና ቡና። ሰፈሩ በአንድ ጊዜ በእንጀራ ሻጭ ተሞላ፤ ከሁለቱ ሱቆች አንዱ ከኛ በርካሽ የሚያቀርብ ሰው አግኝቶ ተወን። ገንዘቡ ከተሰጠ በኋላ መጥቶ የሚያይ ባለሙያ አንዴ ብቅ አለ፣ ፎቶ አነሳ፣ ሄደ።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ሦስት ዓመት ለሁሉም እኩል መሆኑ ነው። ለሠላሳ ዓመት ሴት ሦስት ዓመት ይበቃ ይሆናል። አክስቴ ግን ስትጨርስ ሃምሳ ስምንት ሆኗታል፤ ጉልበቷን ያማታል። ቀጥታ ድጋፍ እንዳትገባ «መሥራት ትችያለሽ» ተብላለች፤ እንዳትሠራ ደግሞ ጉልበቷ እምቢ ይላል። እንደሷ መሐል ላይ የቀሩ ብዙ ሴቶች አውቃለሁ። እነሱን ይዞ የሚቆይ ሦስተኛ መንገድ ያስፈልግ ነበር። በ2013 የጀመረው ሁለተኛው ምዕራፍ ብዙ ከተሞች ጨምሯል፤ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችንም ድርጅት ውስጥ አስገብቶ ልምድ እንዲያገኙ ያደርጋል። እሱ ሸጋ ነው። ለአክስቴ ዕድሜ ግን ያመጣው ነገር አልታየኝም።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት ሦስት ተኩል። ለቁጠባውና ለቦዩ ሙሉ እሰጣለሁ። ለክፍያው መጠን ግማሽ፣ ከምርቃት በኋላ ላለው ክትትል ከግማሽ በታች። ዕድሉ ከደረሳችሁ ግን ግቡ። ስም ሲለጠፍ ማንበብ የማይችል ዘመድ ካላችሁ አብራችሁት ሂዱ፤ ከጎደለ በዚያው ሰሞን ቅሬታ አስገቡ፣ ኋላ ሰሚ የለም። ዕቃ ስትጠየቁ የማይሠራውን «አይሠራም» ብላችሁ አስጽፉ። እንጀራ ካሰባችሁ የቆጣሪ ማመልከቻውን በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ አስገቡ፣ ብሩን አትጠብቁ። ከመምረጣችሁ በፊት በዙሪያችሁ ያሉ ሱቆች ከማን እንደሚረከቡ ጠይቁ። ዶሮ የምትመርጡ ደግሞ የፈንግል ክትባት የት እንደሚሰጥ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ከአክስቴ ጋር የተመረቀች ሴት ጫጩቶቿ በአንድ ሳምንት ውስጥ አልቀውባታል።