ትሮምቦን ለሚማር ልጅ መምህር ለምትፈልጉ፣ ኦክላንድ አካባቢ ላላችሁ

ኦክላንድና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ልጃችሁ ሙዚቃ ካማረው ይቺን ጽሁፍ አንብቡልኝ። እኚህን ሰው ሳላመሰግን ብቀር እግዜርም አይወደውም።

ልጄ ትሮምቦን ነው የምትጫወተው። አዎ፣ ያ የሚሳበውና የሚገፋው ረጅሙ ጡሩምባ። ዘመድ ሁሉ "ማርሽ ባንድ ልታስገቢያት ነው እንዴ?" እያለ ስቆብኛል። ፒያኖ ብትመርጥ ደስ ባለኝ። ግን እሷ አንዴ ከያዘች ያዘች ነው።

ከዚህ በፊት ያየነውን አበሳ ብተወው ይሻል ነበር፣ ግን አልችልም። አንዱ አስተማሪ የወሩን ክፍያ አስቀድሞ ይቀበልና ግማሹን ሰዓት ስልኩ ላይ ነው። ሌላው ደግሞ ልጅቷ እየሰማች "ክንዷ አጭር ነው፣ ሌላ መሣሪያ ብትሞክር ይሻላል" አለኝ። የ11 ዓመት ልጅ እኮ ናት! ክንድ አያድግም? እቤት እስክንደርስ መኪና ውስጥ ትንፍሽ አላለችም። ስማቸውን አልጠራም፣ ለፈጣሪ ትቼዋለሁ።

ከዚያ አንዲት የቤተክርስቲያን እህት ወደ እኚህ ሰው መራችን። የላቲን ጃዝ ሰው ናቸው። ወጣትነታቸውን ኒውዮርክ በሳልሳ ባንዶች ውስጥ ትሮምቦን ሲነፉ ነው ያሳለፉት። አሁን ቀን ያስተምራሉ፣ ማታ ይጫወታሉ፣ በመሃል የሌሎችን አልበም ፕሮዲውስ ያደርጋሉ። "በአንዱ ብቻማ የቤት ኪራይ አይከፈልም" ይላሉ እየሳቁ።

የመጀመሪያ ቀን ልጄ ነፋች። ዝቅ ያለው ድምፅ ላይ ስትደርስ እጇ አልደርስ አላት። አፍራ ወደ እኔ ዞረች። እሳቸው ምንም አላሉም። ጓዳ ገቡና ሌላ ትሮምቦን ይዘው ወጡ። ከኋላው ተጨማሪ ቱቦ የተጠማዘዘበት፣ በግራ አውራ ጣት የሚጫኑት ነገር ያለው። እንዴት እንደሚሠራ አትጠይቁኝ። ብቻ ስትጫነው ያ ሩቅ የነበረው ድምፅ ቅርብ ሆነላት። "ክንድሽ እስኪረዝም በዚህ ተጫወቺ" ብለው ሰጧት። መያዣ የለ፣ ፊርማ የለ። የተዋወቅነው እኮ የዚያኑ ቀን ነው!

አቤት ትዕግሥታቸው። መጀመሪያ መሣሪያውን አስቀምጣ ክላቬ የሚሉትን ምት እንድታጨበጭብ አደረጓት። አምስት ጭብጨባ ነው፣ ሦስትና ሁለት ሆኖ የሚከፈል። አሁን እኔም ሽንኩርት ስከትፍ ያመልጠኛል። ታሪክም ይነግሯታል። ፒያኖ ተጫዋቹ ኤዲ ፓልሚዬሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ላ ፐርፌክታ የተባለውን ባንዱን ሲያቋቁም ትሮምቦንን ከፊት አሰልፎ እንዴት የኒውዮርክን ዳንስ ቤት እንዳናወጠ፣ የባንዱ ትሮምቦን ነፊ ባሪ ሮጀርስ እንዴት ይነፋ እንደነበር። ሌላው ትሮምቦን ነፊ ዊሊ ኮሎን እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እንደነበረና በኋላ ራሱ ፕሮዲውሰር እንደሆነ። ልጄ ይሄን ስትሰማ ዓይኗ ይፈጣል።

ኢትዮጵያውያን መሆናችንን ሲያውቁማ "ሙላቱ!" ብለው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ የላቲንን ምት ከሀገራችን ዜማ ጋር አዋህዶ እንደቀዳ እኔ ከእሳቸው ነው የሰማሁት። የጅማውን ልጅ ታሪክ ከባዕድ ሰው መስማት ትንሽ ያሳፍራል፣ ኩራቱ ግን ይበልጣል።

ሰሞኑን ደግሞ ለኦዲሽን የሚላክ ቅጂ ሲያስፈልጋት ራሳቸው ቀዱላት። እኔ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ጸሎት፣ እነሱ ውስጥ ሳቅ። ስትሳሳት አያቋርጧትም። ጨርሳ ስትወጣ "አንቺ የትኛው ነው የወደድሽው?" ብለው ጠየቋትና እሷ የመረጠችውን ላኩ። ለስቱዲዮው ልከፍል ብል "የትምህርቱን ከፍለሽ የለ" አሉኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

ስማቸውን እዚህ እንዳላወጣ ለምነውኛል፣ ሰው ይበዛብኛል ብለው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ጀማሪም ይቀበላሉ፣ ትልቅ ሰውም ይቀበላሉ። እባካችሁ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ልጁን ይዛችሁ ሂዱና ያሳዩዋችሁ፣ ገንዘባችሁ እንዳይባክን። ቅዳሜ ጠዋት ግን የእኛ ሰዓት ነው፣ እሱን እንዳትነኩብኝ።