ፋይዳ በጅማ፦ ከአሻራው ይልቅ ስሙ ያስቸግራል

ጅማ ላይ ፋይዳ፣ ማለትም ብሔራዊውን ዲጂታል መታወቂያ፣ ሊመዘገብ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ለወረፋው ነው። ወረፋው ግን ያልፋል፤ ሐሙስን፣ የገበያ ቀንን፣ ትቶ በሌላ ቀን በጠዋት መሄድ ብቻ ብዙ ያቀልለዋል። ምዝገባውም በነጻ ነው። ቁም ነገሩ ያለው መዝጋቢው ስምዎን፣ የልደት ቀንዎንና ስልክዎን በሚሞላበት ቅጽ ላይ ነው። እዚያ ላይ የተሳተች አንዲት ፊደል ባንክ ቤት ድረስ ትከተልዎታለች።

መጀመሪያ የሚያስመሰግነውን። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 መሠረት ያደረገው ነዋሪነትን እንጂ ዜግነትን አይደለም። የቀበሌ መታወቂያ፣ ፓስፖርት ወይም የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ሰውም በምስክር መመዝገብ ይችላል። ለቡና ለቀማ ከሩቅ ለሚመጣ የቀን ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ፋይዳ የዜግነት ማረጋገጫ አይሆንም፤ ይህን የሚያምታቱት ብዙ ናቸው።

የሚወሰደው የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለቱ ዓይኖች አይሪስ (በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለ ቀለም ክፍል) እና የፊት ፎቶ ነው። በለቀማ ወይም በግንባታ ሥራ ጣቱ የሻከረ ሰው አሻራው ቶሎ አይነበብም። እጅን በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ፣ ቆዳው ከመጠን በላይ ከደረቀ ደግሞ ትንሽ ማርጠብ ይረዳል። ጣት ጫፍ ላይ የተቀባ ሂናም ንባቡን ሊያዳክም ስለሚችል ከሠርግ ማግስት መሄድ አይመከርም። አሻራው ቢደክምም አይሪስ ስላለ ማሽኑ በዚህ በኩል ብዙም አያሳስብም።

ስሙ ነው የሚያሳስበው። ቅጹ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ለየብቻ ይጠይቃል፤ በግዕዝ ፊደልም በላቲንም ይሞላል። «አብዱልቃድር» ተነጥሎ ከተጻፈ «አብዱል» የራስ ስም፣ «ቃድር» የአባት ስም ይሆንና እውነተኛው አባት ወደ አያት ቦታ ይገፋል። «አባ ጆቢር» የሚለው የአባት ስምም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ሰነድ ላይ ተያይዞ፣ ሌላው ላይ ተለያይቶ፣ ሦስተኛው ላይ «አባ» የሚለው ተዘሎ ይገኛል። በቁቤ (ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) እና በእንግሊዝኛ አጻጻፍ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ አለ። «ጫልቱ» በቁቤ በ«ሲ» ትጀምራለች፣ ፓስፖርት ላይ ግን በ«ሲ ኤች» ተጽፋ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው አድርጎ ነው የሚያያቸው። ስለዚህ ፓስፖርት ወይም የትምህርት ማስረጃ ያለው ሰው ይዞት ይሂድ፤ ላቲኑ ፊደል በፊደል ከዚያ ይገልበጥ።

የልደት ቀን ላይ የሚሠራው ስህተት ደግሞ በጭንቅላት ከሚደረግ ስሌት ይመጣል። ታኅሣሥ 10 ቀን 1985 የተወለደ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ዲሴምበር 19 ቀን 1992 ነው። ጥር 10 ቀን 1985 ከሆነ ግን ጃንዋሪ 18 ቀን 1993 ይሆናል። በአንድ ወር ልዩነት ሰባት መደመሩ ቀርቶ ስምንት ይደመራል። ሁሉን በሰባት የሚደምር ሰው አንድ ዓመት ያሳስታል።

ስልኩ የራስ ይሁን። ማንነትዎን በፋይዳ የሚያጣራ ተቋም የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር የሚደርሰው በተመዘገበው ስልክ ነው። የወንድም ወይም የጎረቤት ቁጥር ያስመዘገበ ሰው ባንክ መስኮት ላይ ቆሞ ወንድሙን ሲያስስ ይውላል። ስልኩ ከጠፋ ወይም ከተቀየረ መፍትሔው እንደ አዲስ መመዝገብ አይደለም፤ አሻራውና አይሪሱ ከቀድሞው ጋር ስለሚገጥም ሁለተኛው ምዝገባ ውድቅ ይሆናል። በአካል ሄዶ «መረጃ ማስተካከል ነው የምፈልገው» ማለት ያስፈልጋል።

ሲጨርሱ የሚሰጥዎትን ወረቀት አይጣሉ። ባለ 29 አሃዝ የምዝገባ ቁጥር አለበት፤ ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር በአጭር መልእክት ሳይመጣ ሲቀር የሚጠየቀው በእሱ ነው። የመዝጋቢው መሣሪያ ያለ ኔትወርክም ሠርቶ መረጃውን በኋላ መላክ ስለሚችል መዘግየት ሁልጊዜ ችግር አለ ማለት አይደለም። ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት። ጥያቄ ካለ 9779 መደወል ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ በትንሽ ወጪ የሚስተካከለው ስክሪኑ ነው። መረጃው ከመላኩ በፊት ተመዝጋቢው ራሱ ሊያየው ይገባል፤ ማንበብ የማይችል ከሆነ ደግሞ በአማርኛም በኦሮምኛም ጮክ ተብሎ ይነበብለት። ስክሪኑ ወደ መዝጋቢው ብቻ የዞረበት ቦታ «እስቲ አሳዩኝ» ማለት መብት ነው፤ አይፈሩ።

ካርዱን በቴሌብር ማዘዝ ይቻላል። ፊት ለፊቱ ያለው ባለ 16 አሃዝ ቁጥር ለማሳየት የተሠራ ነው፤ ባለ 12 አሃዙን ግን ለጠየቀ ሁሉ መስጠት ተገቢ አይደለም። ኮፒ ቤት ስክሪንሹት አሳትሞ ላሚኔት ማስደረግ ርካሽ ቢመስልም፣ ኪውአር ኮዱ አንሶና ደብዝዞ ስለሚወጣ ስካነር ላይነበብ ይችላል። የሚያሳዝነው ስካነር የሚያነሳ ቢሮ ገና ብዙ አለመሆኑ ነው፤ የዲጂታል መታወቂያውን ሁለት ኮፒና ጉርድ ፎቶ አምጣ የሚል መስኮት አሁንም አለ።