ኤስ 195 የእጅ ትራክተር ሞተር፦ ማቀዝቀዣው ያዋጣል?

ይህ ባለ 12 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር በክፍት የውሃ ጋን ሲመጣ ራዲያተርም የውሃ ፓምፕም የለውም። ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ሥራ ላይ መፍላቱ ብልሽት አይደለም፤ ብዙ ሰው በዚህ ደንግጦ ሞተሩን በከንቱ ያስፈታል። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ጋኑ ውስጥ ውሃ እስካለ ሙቀቱ ከዚያ እምብዛም አያልፍም።

ጣጣው ውሃው ሲጎድል ነው። ቀይ ጫፍ ያላት ተንሳፋፊ ዝቅ ስትል ወዲያው ጨምሩ። በዝቃጭ ተይዛ ከፍ እንዳለች ልትቀር ስለምትችል፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ በጣት ጫን አድርጋችሁ ሞክሯት። ጋኑ ከደረቀ ግን አጥፍታችሁ ራሱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከተደፋ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ይሰነጠቃል፣ ጓርኒሲዮኑም (በክዳኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይሄዳል።

የጉድጓድ ውሃ ቅርፊት ይሠራል፣ የተጣራ የዝናብ ውሃ ይሻላል። ከማጥፋት በፊት ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ (ያለ ጭነት በዝቅተኛ ዙር) ይሥራ። ውርጭ ባለበት ደጋ ማታ ውሃውን አፍስሱ።

ለእርሻ ጥሩ ነው፤ አጠገቡ ሰው አለና። ቀኑን ሙሉ ብቻውን ውሃ ለሚስብ ሥራ ግን ባለ ራዲያተሩን ግዙ።