ነጭ ቆርቆሮ ወይስ ፋይበር ግላስ?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ያለችው ከቆርቆሮ የተሠራች ሱቄ በሚያዝያ ቀትር ምጣድ ናት፤ መደርደሪያ ላይ ያለው ሻማ ሳይቀር ይጎብጣል። ጥቁር አረንጓዴ ያለበስኳት እኔው ነኝ፣ አምሮኝ። ጠቆር ያለ ቀለም ፀሐይ ይጠጣል። ነጭ አብዛኛውን ይመልሳል፤ አቧራ ሲለብስ ግን ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ለሌሊት ብርድም አይሆንም።

ከኮርኒስ በላይ የሚነጠፍ ፋይበር ግላስ፣ ማለትም ከመስታወት ክር የተሠራ ጥጥ መሰል ንጣፍ፣ ወጪ አለው። በምትኩ ሙቀቱን ያዘገያል፣ የኅዳርን ሌሊት ብርድ ይከላከላል፣ ሐምሌ ላይ ጆሮ የሚያደነቁረውን የዝናብ ድምፅ ያለዝባል። ውሃ ከጠጣ ግን ከንቱ ነው፤ መጀመሪያ የምስማሩን ቀዳዳ ድፈኑ!

መተማ ቢሆን ሁለቱንም እል ነበር። እዚህ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ቀን ብቻ ለሚዋልበት ሱቅ ነጩ ይበቃል፤ ለሚታደርበት ፋይበር ግላሱ። የእኔዋን ክረምቱ ሳይገባ ነጭ ልቀባት ነው።